ጥርስ ለማሠራት ድንበር መሻገር

ከተሞች የሚታወቁበት ነገር ልዩ ልዩ ነው። አንዱ በወደቡ፣ አንዱ በፋብሪካው፣ ሌላው በገዳሙ ወይም በገበያው ይጠራል። በሜክሲኮ ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኘው ሎስ አልጎዶኔስ የተባለች ትንሽ ከተማ ግን የምትታወቀው በጥርስ ነው። ነዋሪዎቿ ጥቂት ሺህ ሲሆኑ የጥርስ ሐኪሞቿ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ስለዚህም ጎረቤቶቿ አሜሪካውያን «የመንጋጋ ከተማ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል።

ይህች ሩቅ ከተማ ለእኛ ምናችን ናት የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ዛሬ ባሕር ማዶ እህት፣ ወንድም ወይም ልጅ ያላቸው የከተማ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ከዚያ የሚላከው ገንዘብ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ልጅ ያስተምራል፣ ሕመምተኛ ያሳክማል። ገንዘቡን የምትልከው እህት ግን ከራሷ ላይ ምን ቀንሳ እንደምትልክ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ብዙዎች ለነገ ከሚያሳድሯቸው ነገሮች አንዱ የጥርስ ሕክምና ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ስለዚህች ከተማና ጥርሳቸውን ለማሠራት ድንበር ስለሚሻገሩ ሰዎች እናወጋለን። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከበረሃ መካከል

አልጎዶኔስ የሚለው ስም በስፓኝ ቋንቋ የጥጥ ተክሎች ማለት ነው። ከተማይቱ በባሃ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ በመክሲካሊ አስተዳደር ሥር ትገኛለች። አካባቢው አሸዋማ በረሃ ሲሆን በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። በአጠገቧ የሚያልፈው ትልቁ የኮሎራዶ ወንዝ ባይኖር ኖሮ በዚያ ምድር እርሻ ባልታሰበ ነበር። በ1950 የተሠራው የሞሬሎስ ግድብም ከከተማይቱ አቅራቢያ ሆኖ የወንዙን ውኃ ወደ መክሲካሊ ሸለቆ እርሻዎች ያደርሳል።

ከድንበሩ ወዲያ ማዶ በአሜሪካ በኩል ያለችው ትልቅ ከተማ ዩማ ትባላለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ በመኪና ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። የክረምቱ ወራት በዚህ ስፍራ እንደ ጸደይ ለስላሳ ነው። በዚህም ምክንያት ከሰሜን አሜሪካ ግዛቶችና ከካናዳ ብርዱን የሚሸሹ ጡረተኞች ቤት የሆነውን መኪናቸውን እየነዱ ወደ ዩማ ይጎርፋሉ። አገሬው «የበረዶ ወፎች» ይላቸዋል። የሎስ አልጎዶኔስ ሐኪሞች ከፍተኛ ገበያም እነዚሁ ጡረተኞች ናቸው።

መንገደኛው መኪናውን በአሜሪካ በኩል፣ በኬቻን ነባር ሕዝብ መሬት ላይ ባለው ሰፊ ሜዳ ያቆምና ጥቂት ዶላር ከፍሎ በእግሩ ይሻገራል። መግባቱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። መመለሱ ግን ሌላ ነው። በክረምት ወራት ከቀትር በኋላ በፍተሻው በር ላይ ያለው ሰልፍ ከ1 ሰዓት በላይ ሊያስቆም ይችላል። በሩ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 12 ሰዓት ተከፍቶ ከምሽቱ 4 ሰዓት ስለሚዘጋ ሰዓት ያልቆጠረ ሰው እዚያው ያድራል።

ድንበሩን እንዳለፉ የሚታየው የጥርስ ሐኪም ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ የመነጽር ቤት፣ እንደገና የጥርስ ሐኪም ቤት ነው። በየሕንፃው ፎቅና ምድር ቤት የተሰቀለው ሰሌዳ ሁሉ የመንጋጋ ሥዕል አለው። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚቀርጹ ላቦራቶሪዎችም እዚያው ጎን ለጎን ስላሉ ሌላ አገር ሳምንታት የሚፈጅ ሥራ በ2 ወይም በ3 ቀን ይደርሳል። በእግረኛው መንገድ ላይ ደግሞ ደላሎች ቆመው «ጥርስ? መነጽር? መድኃኒት?» እያሉ ሰውን ይጣራሉ።

ሐኪም ሞልቶ ለምን ይሻገራሉ?

አሜሪካ የሐኪም ድሃ አይደለችም። ችግሩ ያለው በዋጋውና በመድኑ ላይ ነው። በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በፈረሙት ሕግ ሜዲኬር የተባለው የአዛውንቶች የጤና መድን ሲቋቋም የተለመደው የጥርስ ሕክምና ከውስጡ ተለይቶ ቀረ። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው የልቡን ወይም የሳንባውን ሕክምና መድኑ ሲሸፍንለት የጥርሱን ወጪ ግን በአብዛኛው ከኪሱ ይከፍላል። በሥራ ላይ ያለውም ቢሆን የጥርስ መድኑ የተለየ ነው። አብዛኛውን ጊዜም በዓመት ከ1000 እስከ 2000 ዶላር የሚደርስ ጣሪያ አለው። ክራውን የሚባለው የጥርስ ሽፋን አንዱ ብቻ ከ1000 ዶላር በላይ በሚያስወጣበት አገር ይህ ጣሪያ በአንድ ወይም በሁለት ጥርስ ያልቃል።

ከድንበሩ ማዶ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች፣ አንዳንዴም ሩብ ያህል ነው። የዚህ ምክንያቱ የሜክሲኮ ሐኪም ሙያ ማነሱ አይደለም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪም ትምህርቱን ሲጨርስ ብዙውን ጊዜ በመቶ ሺህ ዶላር የሚቆጠር የትምህርት ዕዳ ተሸክሞ ይወጣል። ዕዳውን፣ የረዳቶቹን ደመወዝ፣ የቤቱን ኪራይና ሊመጣበት ለሚችለው ክስ የሚገባውን መድን ከበሽተኛው ያስከፍላል። በሜክሲኮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሐኪም ይህ ሁሉ ሸክም የለበትም። በአንድ ጎዳና ላይ መቶ ሐኪሞች መሰለፋቸውም ዋጋውን ዝቅ ያደርገዋል።

ይህ ነገር የሜክሲኮ ብቻ አይደለም። በአውሮፓም የኦስትሪያ ሰዎች ጥርሳቸውን ለማሠራት ወደ ሃንጋሪ ይሻገራሉ። ከቪየና የ1 ሰዓት መንገድ ያህል የምትርቀው ሞሾንማጅያሮቫር እና ሾፕሮን በዚሁ ሥራ የታወቁ ናቸው። የኑሮ ዋጋቸው የማይመጣጠን ሁለት አገሮች በሚዋሰኑበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ያለ ገበያ ሲደራ ይታያል።

አንዲት እህታችን እንዳጫወተችን

በሎስ አንጀለስ ከተማ አዛውንቶችን በመንከባከብ ሥራ የምትተዳደር አንዲት እህታችን ወደ ሎስ አልጎዶኔስ ሄዳ ታክማለች። ስሟ እንዳይጠቀስ ስለጠየቀች አልጠቀስነውም።

ይህች እህት በግራ መንጋጋዋ ማኘክ ከተወች 3 ዓመት ሆኗት ነበር። ስትስቅም አፏን በእጇ መሸፈን ልማድ ሆነባት። በምትኖርበት ከተማ ሐኪም ስታማክር 4 ጥርሶች ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸውና ሥራው 11,400 ዶላር እንደሚያስወጣ ተነገራት። እጇ ላይ የነበረው ቁጠባ 5000 ዶላር ነው። በዚያው ወር ደግሞ አዲስ አበባ ያሉት እናቷ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ስለጋረዳቸው ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ሰማች።

«ጥርስ ይቆያል፣ ዓይን ግን አይቆይም ብዬ ላክሁ» ትላለች። የእናቷ ዓይን በደህና በራላቸው። ቁጠባዋ እስኪመለስ ግን ከ1 ዓመት በላይ ፈጀ። በዚያ መካከል ሊድን ይችል የነበረው አንዱ ጥርስ ተሰነጠቀና መነቀል ያለበት ሆነ።

በመጨረሻ የሄደችው ባለፈው ዓመት ለመታከም እዚያ ከደረሱ አንዲት አገር ልጅ እናት ጋር ነው። ከሎስ አንጀለስ ተነሥተው በመኪና ከ4 ሰዓት በላይ ተጉዘው ዩማ አደሩ። በማግሥቱ ድንበሩን ሲሻገሩ አንድ ደላላ ተከተላት። አፏን እንኳ ሳያይ «አራቱንም ነቅለን ዛሬውኑ አዲስ እንተክልልሻለን፤ ነገ ቤትሽ ትገቢያለሽ» አላት። ዋጋው ዝቅ ያለ ስለነበር ልቧ ከሁለት ተከፈለ።

«እትዬ፣ ከዚህ ሁሉ ሐኪም ደህናው በምን ይለያል? እርስዎ እንዴት መረጡ?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«ልጄ፣ የሚጣራውን ተዪው» አሉ እትዬ። «ሥራ ያለው ሐኪም መንገድ ለመንገድ አያስጠራም። ጥርስሽን ሳያይ ዋጋ የሚነግርሽን አትመኚው። ራጅ ያንሣሽ፣ ያሳይሽ፣ በወረቀት ይጻፍልሽ፤ ከዚያ ታስቢያለሽ።»

እትዬ የወሰዷት ሐኪም ሴት ነበረች። ራጁን በመስኮት ብርሃን አንጻር ይዛ አንድ በአንድ አስረዳቻት። ሁለቱ ጥርሶች የሥር ሕክምና ተደርጎላቸው በላያቸው ሽፋን ቢደረግ ይድናሉ፤ አንዱ ሽፋን ብቻ ይበቃዋል፤ የተሰነጠቀው ግን ይነቀልና በምትኩ ኢምፕላንት ይተከላል አለቻት። ሎስ አንጀለስ ያለው ሐኪም የነገራትም ይህንኑ ነበር። ለመንቀል የቸኮለው ደላላው ብቻ ነው።

ኢምፕላንት ማለት መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ የቲታኒየም ብሎን ሲሆን በላዩ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይገጠምበታል። በዚህ ዘዴ በሽተኛን ለመጀመሪያ ጊዜ ያከሙት በ1965 ስዊድናዊው ሐኪም ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ናቸው። አጥንቱ ብሎኑን አጥብቆ እስኪይዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል። ለአንዳንድ ሰው ጊዜያዊ ጥርስ በዕለቱ ሊገጠም ቢችልም አፍ ሳይመረመር «በ1 ቀን ያልቃል» የሚል ተስፋ መቀበል አይገባም። እህታችንም የሥር ሕክምናውንና ሽፋኖቹን በ5 ቀን ጨርሳ ብሎኑ ከተተከለላት በኋላ ተመለሰች። ከ4 ወር በኋላ እንደገና ሄዳ ጥርሱ ተገጠመላት።

እናቷ ይህን ሁሉ የሰሙት ካለቀ በኋላ ነው። «የኔ ልጅ፣ አንቺ ማኘክ አቅቶሽ የኔ ዓይን ምን ሊረባ!» ብለው በስልክ አለቀሱ። እርሷም ከዚያ ወዲህ የራሷን ሕመም ከቤተሰቧ መደበቋን ትታለች።

ሒሳቡ ሲታሰብ

እህታችን ያወጣችውን ሁሉ በደብተር ይዛ ስለነበር እንመልከተው። ለሕክምናው የከፈለችው 3000 ዶላር ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ለመኝታ፣ ለነዳጅ፣ ለምግብና ከሥራ ለቀረችባቸው ቀናት ያጣችው ደመወዝ ተደምሮ 1200 ዶላር ወሰደ። ሁለተኛው ጉዞ 550 ዶላር ሆነ። ጠቅላላው 4750 ዶላር ነው። ከተጠየቀችው 11,400 ዶላር ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች መሆኑ ነው።

ነገር ግን ይህ ሒሳብ የሚሠራው ብዙ ሥራ ላለው አፍ ነው። አንድ የበላ ጥርስ ለማስሞላት ብትሄድ ኖሮ በሕክምናው የምታተርፈው 150 ዶላር ያህል ሲሆን ለመንገዱ የምታወጣው ከዚያ በብዙ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ርካሽነቱን ለማወቅ የሐኪሙ ዋጋ ብቻ ሳይሆን መኝታው፣ የቀረው ደመወዝ፣ ልጅ የሚጠብቀው ሰውና የመመለሻው ጉዞ ሁሉ አብሮ መቆጠር አለበት። ከተሠራ በኋላ ቢያምስ? ሽፋኑ ቢወልቅስ? ያን ጊዜ ሐኪሙ ያለው ድንበር ማዶ ነው።

ለጉዞ ለሚያስቡ

ባሕር ማዶ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች እንዲህ ያለ ጉዞ ስታስቡ የሚከተሉትን ልብ ብትሉ ይጠቅማችኋል።

አንደኛ፣ ከመሄዳችሁ በፊት በምትኖሩበት ከተማ ተመርምራችሁ ምን እንደሚያስፈልጋችሁ በጽሑፍ ያዙ። የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በመምህራን ቁጥጥር በቅናሽ ስለሚያክሙ በመጀመሪያ እነርሱን ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ማን እንደሆነና የሙያ ፈቃዱን ጠይቁ። የራጁን ቅጂ፣ የተሠራውን ሥራ ዝርዝርና ደረሰኙን ይዛችሁ ተመለሱ። ኢምፕላንት ከሆነ የብሎኑን ዓይነትና መጠን ጻፉ፤ ሌላ ሐኪም ሲያያችሁ ያስፈልገዋልና።

ሦስተኛ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት በሽታ ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች ሁሉ አስቀድማችሁ የዘወትር ሐኪማችሁን አማክሩ።

አራተኛ፣ ድንበር ሁሉ አንድ አይደለም። በ2023 ማታሞሮስ በተባለችው ሌላ የሜክሲኮ የድንበር ከተማ ለሕክምና ጉዳይ የሄዱ 4 አሜሪካውያን ታፍነው ሁለቱ ተገድለዋል። በዚያው ዓመት በዚያችው ከተማ ለቀዶ ሕክምና በጀርባቸው ማደንዘዣ የተወጉ ሰዎች በፈንገስ ምክንያት የማጅራት ገትር ይዟቸው የሞቱም አሉ። ስለዚህ የሚሄዱበትን ስፍራ ሁኔታ አስቀድሞ ማጣራት የግድ ነው።

አምስተኛ፣ ይህ ለእኛ ሰዎች ይበልጥ የሚከብድ ነጥብ ነው። በአሜሪካ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከአገሩ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታል። ለጥርስ ብሎ ለጥቂት ሰዓት የተሻገረ ሰው የዓመታት ጥበቃውን ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ከጠበቃው ጋር ሳይመክር ድንበሩን አይርገጥ።

ርካሽነቱ ለማን ነው?

በ2024 በሜክሲኮ የሰሜን ድንበር አካባቢ ዝቅተኛው የቀን ደመወዝ 375 ፔሶ፣ ማለትም ወደ 20 ዶላር ገደማ ነበር። እንግዲህ አንድ የጥርስ ሽፋን 300 ዶላር ቢጠየቅበት በዚህ ደመወዝ ለምትኖር የክሊኒክ ጽዳት ሠራተኛ የ15 ቀን ድካሟ ነው። ወለሉን የምትወለውልበት ክፍል ውስጥ ያለው ወንበር ለአሜሪካዊው ርካሽ ሲሆን ለእርሷ ውድ ነው።

በእኛም አገር ይህንኑ እናያለን። ለገናና ለጥምቀት ከባሕር ማዶ የሚመጡ ወገኖቻችን በአዲስ አበባ ጥርሳቸውን አሠርተው ይመለሳሉ። ይህ መልካም ነው፤ ሐኪሞቻችን ሥራ ያገኛሉ፣ እንግዶቹም ቋንቋቸውን ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ይታከማሉ። በብር ደመወዝ የምታድር እናት ግን ያንኑ ሽፋን ስትጠየቅ የወር ወጪዋን አብራ ታስባለች። ለእርሷ የሚሻገር ርካሽ ድንበር የለም። ያላት መንገድ ሥራው ትንሽ ሳለ መድረስ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የአፍና የጥርስ በሽታ እንዳለበት ገልጿል። ከእነዚህ በሽታዎች አብዛኞቹ በቤት ውስጥ ሊከለከሉ የሚችሉ ናቸው። ለዚህም እናቶችና አባቶች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሕፃን 20 የወተት ጥርሶች አሉት። ዕድሜው 6 ዓመት ገደማ ሲሆን ከእነዚህ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ ለዕድሜ ልክ የሚቆየው የመጀመሪያው መንጋጋ ይበቅላል። የወለቀ ጥርስ ስለሌለ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፤ ቢቦረቦርም «ይወልቃል» ብሎ ይተወዋል። እርሱ ግን ከተነቀለ የሚተካው የለም።

ስለዚህ የልጁ የመጀመሪያ ጥርስ ብቅ ሲል ጀምሮ በቀን 2 ጊዜ፣ በተለይም ከመኝታ በፊት፣ ጥርሱ ይቦረሽ። ፍሎራይድ ያለበት ሳሙና ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃዋል። እንደ ወንጂ ባሉ የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች በውኃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በዝቶ ጥርስን ስለሚያበልዝ በዚያ የሚኖሩ ወላጆች የጤና ባለሙያ ቢያማክሩ ይሻላል። ስኳር የገባበት ሻይ ወይም ወተት በጡጦ ሞልቶ ልጅን አስተኝቶ መተው ይቅር። ለስላሳ መጠጥም የዘወትር ሳይሆን የዓውደ ዓመት ነገር ይሁን። በወይራ መፋቂያ የሚጠቀም ትልቅ ሰው ልማዱን አይተው፤ ነገር ግን ድዱን እንዳያቆስል ይጠንቀቅ፣ የኋላ መንጋጋውንም ያዳርስ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው በትንሹ የሚሞላ ቀዳዳ ከ1 ዓመት በኋላ የሥር ሕክምና፣ ከ3 ዓመት በኋላ መንቀያ ሊሆን ይችላል። ባሕር ማዶ ላለችው እህታችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውሉ ስለ ጤንነቷ ስትጠይቁ ስለ ጥርሷም ጠይቋት። ዛሬ ማታ ደግሞ የ6 ወይም የ7 ዓመት ልጅ ካላችሁ አፉን አስከፍታችሁ በመብራት ከኋላ ያለውን መንጋጋ ተመልከቱ።